የጥርስ ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ ከኪሴ ልክፈል? በአሜሪካ ያሉት አማራጮች ሲነጻጸሩ

በአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ጣሪያ የሚያበጀው በእርስዎ ወጪ ላይ ነው፤ በዓመት ይህን ያህል ከከፈሉ በኋላ ቀሪው የኩባንያው ይሆናል። የጥርስ ኢንሹራንስ ግን ጣሪያውን የሚያበጀው በራሱ ላይ ነው። አብዛኛው ውል በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍሎ እጁን ይሰበስባል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሒሳብ አሥር ሺህ ዶላር ቢደርስም የእርስዎ ዕዳ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ ይገዛል፤ መንጋጋው ሲታመም ደግሞ «ኢንሹራንስ እያለኝ ለምን ይህን ሁሉ ከፈልኩ?» ይላል።

ፕላን ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ አፍዎ ውስጥ አሁን ምን ሥራ እንዳለ፣ በስንት ወር ውስጥም መሠራት እንዳለበት። እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ ንጽጽሩ ሁሉ ግምት ነው። አንድ ጊዜ ከኪስ ከፍሎ መታየትና የሕክምናውን ዝርዝር በጽሑፍ ይዞ መውጣት፣ ሳያውቁ ዓመት ሙሉ ለማይጠቅም ፕላን ከመክፈል ይረክሳል።

ከኢንሹራንስ ውጪ ዋጋው ስንት ነው?

ከስቴት ስቴት፣ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል፤ በትልልቅ ከተሞች የሚታየው ግን በግምት ይህን ይመስላል። ተራ እጥበት ከ100 እስከ 200 ዶላር፤ አንድ ጥርስ ማስሞላት ከ150 እስከ 400፤ ያለ ቀዶ ጥገና አንድ ጥርስ ማስነቀል ከ150 እስከ 400፤ የመንጋጋ ሩት ካናል (የታመመውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ከ1,000 እስከ 1,800፤ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ከ1,000 እስከ 2,000፤ አንድ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚገባ ብሎን ላይ የሚተከል ጥርስ) ከነክራውኑ ከ3,000 እስከ 6,000። ዲፕ ክሊኒንግ (ከድድ ሥር የሚደረግ ጥልቅ ጽዳት) የሚታሰበው አፍ ለአራት ተከፍሎ ስለሆነ ለአንዱ ሩብ ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ራስዎ በሚገዙት ፕላን ለማስሞላት 6 ወር፣ ለክራውንና ለድልድይ (የጎደለውን ጥርስ ከግራና ቀኙ ጋር አያይዞ የሚተካ) 12 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። በአሠሪ በኩል በሚገኘው ብዙ ጊዜ መጠበቂያ የለም። ሁለተኛው ዓመታዊ ጣሪያው ነው፤ ሦስተኛው ለየትኛው ሥራ ስንት በመቶ እንደሚከፍል። አራተኛው በአካባቢዎ ያሉ ሐኪሞች ይቀበሉታል ወይ የሚለው ነው። አምስተኛው፣ ሰው የሚረሳው፣ ፕሪሚየሙ (ወርኃዊ ክፍያው) ተደምሮበት የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ስንት እንደሚሆን ነው። በወር 40 ዶላር ማለት በዓመት 480 ነው፤ ዓመቱን ሁለት እጥበት ብቻ ካሳለፉ ምናልባት ያንኑ ያህል ነው ያገኙት።

ፒፒኦ፦ በብዛት የሚሸጠው

ፒፒኦ ማለት በኔትወርኩ ውስጥ ባሉ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ዋጋ በተዋዋሉ ሐኪሞች ሲታከሙ የተሻለ የሚከፍል፣ ከዚያ ውጪም መሄድ የሚፈቅድ ፕላን ነው። የተለመደው ቀመሩ «100–80–50» ነው። ለምርመራና ለእጥበት 100 በመቶ፣ ለማስሞላትና ለተራ ነቀላ 80 በመቶ፣ ለክራውን፣ ለድልድይና ለሰው ሠራሽ ጥርስ 50 በመቶ ይከፍላል። ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣው፣ በአብዛኛው ለአንድ ሰው 50፣ ለቤተሰብ 150 ዶላር ነው፤ ለእጥበት ግን አይጠየቅም። ራስዎ ሲገዙት ፕሪሚየሙ በወር ከ20 እስከ 60 ዶላር ይደርሳል።

ወረቀቱ ላይ ይህ ጥሩ ይመስላል። ገንዘቡ የሚያፈስሰው በጥቃቅኑ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ሩት ካናል በአንዱ ፕላን 80 በመቶ የሚከፈልበት፣ በሌላው 50 በመቶ የሚከፈልበት ምድብ ውስጥ ይገባል። በአንድ መንጋጋ ብቻ የሦስት መቶ ዶላር ያህል ልዩነት ያመጣል። ማስታወቂያው ላይ አያገኙትም፤ የጥቅማ ጥቅሙን ሙሉ ሰነድ አስልከው «ኢንዶዶንቲክስ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ።

ከመግባትዎ በፊት የጎደለ ጥርስን ብዙ ውሎች አይሸፍኑም። አገር ቤት ያስነቀሉት መንጋጋ ካለና ቦታውን በድልድይ ወይም በኢምፕላንት ለመሙላት ብለው ፕላን የሚገዙ ከሆነ፣ ይህ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ አንድ ወርም አይክፈሉ። ከአገር ቤት የመጣን ሰው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚነካው አንቀጽ ይሄ ነው።

የኋላ ጥርስዎ በነጭ ሙሌት ሲሠራ ኩባንያው የሚያስበው በብርማው (አማልጋም) ሙሌት ዋጋ ሊሆን ይችላል። የነጩ የውል ዋጋ 220፣ የብርማው 150 ዶላር ነው እንበል። 80 በመቶ ሲባል ከ220 ላይ 176 ይከፍላል ብለው 44 ዶላር ይዘው ይሄዳሉ፤ ኩባንያው ግን ከ150 ላይ 120 ብቻ ይከፍልና 100 ዶላር ይጠየቃሉ።

እጥበቱ በነጻ ነው ቢባልም በብዙ ፕላኖች ዋጋው ከዓመታዊ ጣሪያው ይቀነሳል። 1,500 ዶላር ጣሪያ ያለው ሰው ሁለት እጥበትና ኤክስሬይ ካደረገ በኋላ በእጁ የሚቀረው 1,200 ያህል ነው። ጥቂት ፕላኖች ይህን አይቀንሱም፤ ሲያወዳድሩ አጥብቀው ይጠይቁ።

የኔትወርክ ነገርም አለ። ክሊኒክ ደውለው «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» ካሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «አዎ» ነው። መቀበል ማለት ወረቀቱን ሞልተው ይልካሉ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው «በዚህ ስም በሚጠራው ፕላን ኢን ኔትወርክ ናችሁ?» ተብሎ ነው። ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሐኪም ከኩባንያው ጋር ከተስማማበት ዋጋ በላይ ሊያስከፍልዎ አይችልም፤ ውጪ ያለው ግን ልዩነቱን በሙሉ ከእርስዎ ይጠይቃል።

አሁን የዲፕ ክሊኒንግ ነገር። በነጻ ልታጠብ ብሎ የሄደ ሰው «ድድህ ታሟል፤ አራቱንም ሩብ በጥልቀት ማጽዳት አለብን፤ ድርሻህ ይህን ያህል ነው» ይባላል። አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ የድድ በሽታ ጥርስ ያወልቃል። ግን ማስረጃው የሚታይ ነው። በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት በቀጭን መለኪያ ይለካል፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ጤናማ ነው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ኤክስሬዩ ላይ አጥንት መሸሹ ከታየ ዲፕ ክሊኒንግ ተገቢ ነው። የልኬቱን ቻርት ኮፒ ይጠይቁ። በሒሳቡ ላይ ኮዱ ዲ4341 ነው፤ ተራው እጥበት ዲ1110። 100 በመቶ የሚከፈለው ለሁለተኛው ነው። አንዴ ዲፕ ክሊኒንግ ካደረጉ በኋላ የሚከተለው በየ3 ወይም በየ4 ወሩ የሚደረግ የድድ ክትትል (ዲ4910) ስለሆነ፣ ያም ከ«ነጻው» እጥበት ሊወጣ ይችላል።

ትልቅ ሥራ ሲታዘዝልዎ ክሊኒኩ ቅድመ ግምት ለኢንሹራንሱ እንዲልክ ይጠይቁ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ክፍያ የለውም። የመጨረሻ ዋስትና ባይሆንም ኩባንያው ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ ያሳውቃል። ሥራው ለዓመቱ መጨረሻ ከተጠጋ ሩት ካናሉን በዲሴምበር፣ ክራውኑን በጃንዋሪ በማድረግ የሁለት ዓመት ጣሪያ መጠቀም ይቻላል። ብዙ ኩባንያዎች ክራውን ተሠራ የሚሉት ጥርሱ በተሞረደበት ቀን ሳይሆን በተገጠመበት ቀን ነው። ሩት ካናል የተደረገለት መንጋጋ ያለ ክራውን ብዙ ከቆየ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሳምንታትን እንጂ ወራትን አይጠብቁ።

ባልና ሚስት ሁለቱም ኢንሹራንስ ካላቸው ለልጆቻቸው ቀድሞ የሚከፍለው ልደቱ በዓመቱ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ወላጅ ኢንሹራንስ ነው፤ በዕድሜ መብለጥ አይቆጠርም። ከእኛ ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው፤ ኩባንያው የሚያየውም ያንኑ ነው። ለሁለት ኢንሹራንስ ከመክፈል በፊት ግን ሁለተኛው ውል ውስጥ ድርብ ክፍያን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ሁለተኛው ምንም ላይጨምር ይችላል።

ዲኤችኤምኦ፦ ርካሽ፣ ግን በር የሚያጠብ

ዲኤችኤምኦ በተመደበልዎ ክሊኒክ ብቻ የሚያሳክም ፕላን ነው። ፕሪሚየሙ በወር ከ10 እስከ 25 ዶላር ነው። በአብዛኛው ዓመታዊ ጣሪያም፣ ዲዳክቲብልም፣ መጠበቂያም የለውም። በመቶኛ ፈንታ የዋጋ ዝርዝር ይሰጥዎታል፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚከፍሉት በዶላር ተጽፏል። በቁጥር ብቻ ካየነው ብዙ ሥራ ላለበት ሰው ከፒፒኦ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ችግሩ ሐኪሙ ነው። አንድ ክሊኒክ ይመደብልዎታል፤ ከዚያ ውጪ ከታከሙ ኩባንያው ሳንቲም አይከፍልም። ስፔሻሊስት ጋር ለመሄድ ሪፈራል ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ከኩባንያው የሚያገኘው ክፍያ ትንሽ ስለሆነ ቀጠሮ ይርቃል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ተጨማሪዎችም ይቀርቡልዎታል፦ የተሻለ ፖርሴሊን፣ የተሻለ ብረት፣ ድድ ውስጥ የሚደረግ መድኃኒት። ከመመዝገብዎ በፊት በቤትዎ አቅራቢያ ያሉ ሦስት ክሊኒኮችን ደውለው አዲስ የዲኤችኤምኦ ታካሚ ለተራ እጥበት መቼ እንደሚቀበሉ ይጠይቁ። መልሱ ሦስት ወር ከሆነ ፕላኑ ለእርስዎ የለም ማለት ነው።

የቅናሽ ካርድና የክሊኒክ አባልነት

እነዚህ ኢንሹራንስ አይደሉም። የቅናሽ ካርድ በዓመት ከ80 እስከ 200 ዶላር ተከፍሎበት ከተመዘገቡ ሐኪሞች ዘንድ ቅናሽ ያሰጣል። መጠበቂያም፣ ጣሪያም የለውም፤ በቀናት ውስጥ ይሠራል። ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚሰላ ግን ያጣሩ። «እስከ 50 በመቶ» የሚለው ቃል ለአንድ ሁለት አገልግሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የታዘዘውን ሥራ በኮዱ ጠርተው በዶላር ይጠይቁ።

የክሊኒክ አባልነት ደግሞ ሐኪሙ ራሱ የሚያቋቁመው ነው። በዓመት 350 ዶላር አካባቢ ከፍለው ሁለት እጥበት፣ ምርመራና ኤክስሬይ ያገኛሉ፤ ለሌላው ሥራ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለግል ሥራ ሠራተኛና ለታክሲ አሽከርካሪ፣ ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ፣ ከፒፒኦ ይልቅ የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሐኪሙን ካልወደዱት ግን አባልነቱ ሌላ ክሊኒክ አይከተልዎትም።

ሜዲኬይድ

ሜዲኬይድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። ለልጆች ጥያቄ የለውም። ሜዲኬይድ ላይ ያለ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ በፌዴራል ሕግ የጥርስ ሕክምና ይሸፈንለታል። ለአዋቂ የሚወስነው ስቴቱ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ሸፍነዋል፤ ዲሲና ዋሽንግተን ስቴትም ይሸፍናሉ፤ ሚኔሶታ በ2024 ሽፋኑን አስፍታለች። ከዚህ በፊት «ለአዋቂ አይሠራም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች ዛሬም ሳይጠይቁ ተቀምጠዋል።

የዲቪ ባለዕድሎችን ጨምሮ ግሪን ካርድ ያላቸው አዋቂዎች ግን በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ብዙ ስቴቶች ይህን መጠበቂያ አንስተዋል።

የእድሳት ደብዳቤን እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣሉ፤ አድራሻ ሲቀይሩም ያሳውቁ። በ2007 በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የ12 ዓመት ልጅ ከጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። በወቅቱ የቤተሰቡ ሜዲኬይድ ተቋርጦ ነበር፤ ጥርሱን ለማስነቀል 80 ዶላር ይበቃ እንደነበር ጋዜጦች ጽፈዋል። ስቴቱ የልጆችን የጥርስ ፕሮግራም ያሻሻለው ከዚያ በኋላ ነው።

መደበኛው (ኦሪጅናል) ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ማለት ነው፣ ተራ የጥርስ ሕክምና አይከፍልም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት የግል ፕላኖች ብዙዎቹ ይከፍላሉ፤ እዚያም ጣሪያውንና ኔትወርኩን ማየት ነው።

የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት

የፌዴራል ድጎማ የሚያገኙ ማዕከላት በገቢ የሚቀንስ የዋጋ መሰላል አላቸው። ገቢዎ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር በታች ከሆነ ለስም ያህል ትንሽ ክፍያ ይጠየቃሉ ወይም ጭራሽ አይጠየቁም፤ ከመስመሩ እስከ እጥፉ ድረስ በደረጃ ይቀነስልዎታል። የ2025 መስመር ለአንድ ሰው 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። ስለዚህ በዓመት እስከ 64,300 የሚያገባ አራት ሰው ያለበት ቤት የቅናሹ ተካፋይ ነው። «እኔማ እሠራለሁ፤ አይሰጡኝም» ብሎ የሚቀረው ሰው ብዙ ነው።

የሚያስፈልገው መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት ወይም የታክስ ሪተርን ነው። በአቅራቢያዎ ያለውን ለማግኘት ኤችአርኤስኤ በተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ዚፕ ኮድ ማስገባት ይበቃል። በዲሲ አካባቢ ሜሪስ ሴንተርና ዩኒቲ ኸልዝ ኬር፣ በሲያትል ኔበርኬር የጥርስ ክፍል አላቸው። አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት፤ በዲሲ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለማስተርጎም አይውሰዱ።

ወሰኑ ግልጽ ይሁን። ማዕከሎቹ ያጥባሉ፣ ይሞላሉ፣ ይነቅላሉ። የመንጋጋ ሩት ካናልና ክራውን ግን ብዙዎቹ አይሠሩም። «ሩት ካናል አንሠራም፤ እንንቀለው?» ሲባሉ እሺ ከማለትዎ በፊት ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ። የተነቀለ መንጋጋ አይመለስም፤ ቦታውን ለመሙላት የሚወጣው ደግሞ ካዳኑበት ዋጋ ይበልጣል።

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች

ለሩት ካናልና ለክራውን፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው፣ ከሁሉ የተሻለው አማራጭ በእኛ ግምት ይህ ነው። በዲሲ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ፤ በባልቲሞር በ1840 በዓለም መጀመሪያ ሆኖ የተከፈተው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ በሪችመንድ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በኦሮራ ኮሎራዶና በላስ ቬጋስም እንዲሁ። ዋጋው ከግል ክሊኒክ በሲሶ ወይም በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የሚሠራው ተማሪ ነው፤ እያንዳንዱን ደረጃ ፈቃድ ያለው መምህር አይቶ ሳያጸድቅ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ስለዚህ አንድ ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ አንድ ክራውን አራት አምስት ምልልስ ይጠይቃል። መጀመሪያ የመለያ ቀጠሮ አለ፤ ጉዳዩ ለተማሪ የሚከብድ ከሆነ ላይቀበሉዎት ይችላሉ። ያኔ «የሬዚደንቶች ክሊኒክ» ብለው ይጠይቁ፤ እነዚያ ሐኪምነታቸውን ጨርሰው ስፔሻሊቲ የሚማሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ቢልም ፈጣን ናቸው። ተማሪው በሜይ የሚመረቅ መሆኑን ሳይጠይቁ ረጅም ሥራ በማርች አይጀምሩ፤ ሰው ይቀየርብዎታል። ለእጥበት ብቻ ከሆነ የጥርስ ሃይጂን ትምህርት ያላቸው ኮሚኒቲ ኮሌጆች ይረክሳሉ፤ ስፕሪንግፊልድ ያለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አንዱ ነው።

አገር ቤት ሄዶ መታከም

ለሙሌትና ለነቀላ ብቻ ተብሎ አይኬድም፤ ትኬቱ ልዩነቱን ይበላዋል። ለሌላ ጉዳይ የሚሄዱ ከሆነና ብዙ ጥርስ የሚሠራ ካለ ግን ሊታሰብ ይችላል። መመዘኛው ጊዜ ነው። ኢምፕላንት ብሎኑ ከገባ በኋላ አጥንቱ እስኪይዘው ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፤ የሦስት ሳምንት እረፍት ለሁለቱም ደረጃ አይበቃም። ክራውን ይቻላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያስጀምሩት። ሲነክሱ ከፍ ብሎ ከተሰማዎት ለማስተካከል ቀን ይቀርዎታል። የኢምፕላንቱን አምራች፣ ስፋትና ርዝመት የያዘውን ተለጣፊ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ከዓመታት በኋላ ብሎኑ ሲላላ የአሜሪካው ሐኪም ያለዚያ መረጃ መፍቻውን እንኳ አያገኝም። ኤክስሬዩንም ከሥራው በፊትና በኋላ በፍላሽ ይያዙ። የአሜሪካ ፕላንዎ ከአገር ውጪ ለተሠራ ሥራ እንደሚከፍል በጽሑፍ ካላረጋገጡ፣ እንደማይከፍል ቆጥረው ይሂዱ።

አንድ መንጋጋ፣ ሰባት ሒሳብ

ሩት ካናል፣ መሠረት መሙያ (ለክራውኑ መያዣ የሚሆን ሙሌት) እና ክራውን የሚፈልግ መንጋጋ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የራስዎን ይተኩባቸው። የክሊኒኩ ዋጋ 1,400፣ 300 እና 1,500፣ ድምሩ 3,200 ዶላር። በፒፒኦ የውል ዋጋ 1,000፣ 200 እና 1,000፣ ድምሩ 2,200። ከሩት ካናሉ ዲዳክቲብሉ 50 ተቀንሶ 80 በመቶው 760 ነው፤ ከመሙያው 100፣ ከክራውኑ 500። ኢንሹራንሱ 1,360 ይከፍላል፤ እርስዎ 840። ፕሪሚየሙ 480 ሲጨመር 1,320 ይሆናል። በዓመቱ እጥበት 300 ከጣሪያው ቀድሞ ከሄደ ግን ከ1,500 የቀረው 1,200 ስለሆነ ጠቅላላው 1,480 ይደርሳል።

| አማራጭ | መጠበቂያ | ዓመታዊ ጣሪያ | የመንጋጋው ሙሉ ወጪ (ፕሪሚየም ጨምሮ) | የሚያሳምመው ጎን |
|---|---|---|---|---|
| ያለ ምንም | የለም | የለም | 3,200 | ሙሉ ዋጋ |
| ፒፒኦ፣ መጠበቂያው ያለፈ | አልፏል | 1,500 | 1,320–1,480 | ጥቃቅን አንቀጾች |
| ፒፒኦ፣ መጠበቂያ ላይ ያለ | 6–12 ወር | 1,500 | 2,680 | ጥቅሙ የውሉ ዋጋ ብቻ |
| ዲኤችኤምኦ | በአብዛኛው የለም | በአብዛኛው የለም | 1,115 ገደማ | ሐኪም ማጣት |
| የቅናሽ ካርድ (30 በመቶ) | የለም | የለም | 2,390 | ቅናሹ ይለያያል |
| የክሊኒክ አባልነት (20 በመቶ) | የለም | የለም | 2,910፣ እጥበት ጨምሮ | አንድ ክሊኒክ ብቻ |
| ትምህርት ቤት | ቀጠሮ | የለም | 1,600 ገደማ | ረጅም ጊዜ |

የዲኤችኤምኦው ቁጥር ከዝርዝሩ 350፣ 60 እና 400፣ ለተሻለ ፖርሴሊን 125፣ ፕሪሚየም 180 ተደምሮ ነው።

ለማን የትኛው?

አሠሪዎ የፕሪሚየሙን ግማሽ እንኳ የሚከፍል ከሆነ ፒፒኦውን ይውሰዱ። ኤፍኤስኤ የሚባለው፣ ከደመወዝ ለሕክምና የሚቆረጥ ሒሳብም ከቀረበልዎት፣ ለሚያውቁት ሥራ የሚበቃውን ያህል ከታክስ በፊት ያስቆርጡ፤ በዓመቱ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ በአብዛኛው ስለሚቀር አያብዙት።

ለግል ሥራ ሠራተኛ ጥርሱ ደህና ከሆነ የክሊኒክ አባልነት፤ በዚህ ወር መንጋጋው ከታመመ ግን ዛሬ የሚገዛ ፒፒኦ አያድነውም፤ ትምህርት ቤት ወይም የቅናሽ ካርድ። በፌዴራሉ የኢንሹራንስ ገበያ የጥርስ ፕላን ብቻውን አይሸጥም፤ የጤና ፕላን አብረው መግዛት አለብዎት።

ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ መጀመሪያ ሜዲኬይድን፣ ካልሆነ የጤና ማዕከሉን ይሞክር። በቅርቡ የመጡና 5 ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች ካሉ ማዕከሉ ለመደበኛው፣ ትምህርት ቤቱ ለሰው ሠራሽ ጥርሱ።

ክሊኒኩ «12 ወር ያለ ወለድ» ብሎ የሕክምና ክሬዲት ካርድ ሲያቀርብ አንድ ነገር ያጣሩ። ብዙዎቹ ወለዱን የሚያዘገዩ ናቸው፤ በ12ኛው ወር መጨረሻ 50 ዶላር እንኳ ቢቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ ዕዳው ላይ ወለዱ ይታሰባል፤ መጠኑ ከ30 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ካርዱ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ክፍያ ዕዳውን በጊዜው አይጨርስም። ዕዳውን በ11 አካፍለው በየወሩ ይክፈሉ።

ዛሬ ማታ የታመመ ጥርስ

ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ኢንሹራንስ የለኝም ተብሎ አይቀርም። ከዚህ ውጪ ድንገተኛ ክፍል ጥርስ አይነቅልም፤ አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ትልቅ ሒሳብ አስከትሎ ይሸኛል። የኩላሊት ሕመም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም እርግዝና የሌለበትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የማይወስድ አዋቂ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ500 ሚሊግራም አሴታሚኖፌን ጋር ወስዶ ሊያድር ይችላል። ቤት የቀረ አሞክሲሲሊን የነርቭ ሕመምን አያስታግስም።

ጠዋት ጤና ማዕከሉ በሩን እንደከፈተ ይደውሉ፤ ብዙዎቹ ለተመሳሳይ ቀን አስቸኳይ ቦታ ይይዛሉ። የግል ክሊኒክ ከሆነ ጸሐፊዋ አዲስ ታካሚ ብላ ሙሉ ምርመራና የሙሉ አፍ ኤክስሬይ እንዳትጽፍብዎ ቀድመው ይንገሯት፦ «ለታመመው ጥርስ ብቻ፤ ሊሚትድ ኤግዛም እና አንድ ኤክስሬይ።» ኮዶቹ ዲ0140 እና ዲ0220 ናቸው።